ዘመድ የሚሰጥበት ቤት

ጎንደር ላይ ጦርነቱ ያበቃው በ፲፱፻፴፬ ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ ነው። ጣሊያን እጁን ከሰጠ በኋላ፣ ከኤርትራ ያመጣቸው ወታደሮች፣ አስካሪዎቹ፣ ተማርከው በከተማው መሐል ሲነዱ ሕዝቡ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቆሞ እልል ይላል፣ ይሳደባል፣ የሞተበትን እየጠራ ያለቅሳል። ባንቺአየሁም ከቁስቋም ሰፈር ወርዳ ከሰው ጋር ቆማ ነበር። እልል አላለችም። ወንዶቹንም አልተመለከተችም። ዐይኗ ከኋላ የሚከተሉት ሴቶች ላይ ነው፤ ልጅ ያዘሉ፣ ድስትና ጆንያ የተሸከሙ፣ ባሎቻቸው ወዴት እንደሚወሰዱ የነገራቸው የሌለ ሴቶች። ከእነሱ መሐል አንድ ፊት ትፈልጋለች። ሰልፉ አልፎ አቧራው እስኪረጋ ቆማ ፈለገች፤ አጣችው።

የምትፈልጋት ታናሽ እኅቷን እናኑን ነበር። እናታቸው ዳባት ላይ እናኑን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ስለሞተች፣ ሕፃኗን አዝላ ያሳደገቻት ባንቺአየሁ ናት፤ ራሷም ገና ልጅ ሳለች። ኋላ በላቸው ለሚባል የቁስቋም ሰው ተድራ ጎንደር ስትገባ፣ እናኑ ከአባታቸው ከአያ ማሩ ጋር ዳባት ቀረች። ጣሊያን ገብቶ የወልቀፊትን መንገድ ሲያስቆርጥ ለሠራተኞቹ ውኃ ከሚያመላልሱት ልጃገረዶች አንዷ እሷ ሆነች። አንድ ቀን እንስራዋን ምንጩ ዳር ትታ፣ ተስፋ ከሚባል አስካሪ ጋር በማኪና ወደ ሰሜን ሄደች። እያለቀሰች ነበር ያለም አለ፤ እየሳቀች ነበር ያለም አለ። አያ ማሩ የቱ እውነት እንደሆነ አልጠየቁም። የነፍስ አባታቸውን አስጠርተው፣ ከእንግዲህ በዚህ ቤት የእናኑን ስም የሚያነሣ የተለየ ይሁን ብለው አስገዘቱ። ባንቺአየሁ ወሬውን የሰማችው ጎንደር ሆና ነው። ባሏ በዚያን ጊዜ አርማጭሆ በረሃ ውስጥ ከአርበኞቹ ጋር ስለነበር የምታዋየው ሰው እንኳ አልነበራትም።

አስካሪዎቹ ከተወሰዱ በኋላ ሴቶቻቸው ከተማው ውስጥ ፈሰሱ። አብዛኞቹ ከሐማሴን፣ ከሰራዬ፣ ከከረን የመጡ፣ ለወታደር ሲያበስሉና ሲያጥቡ ዓመታት ያሳለፉ ናቸው። ቤት ያከራያቸው ሁሉ የጎረቤቱን ዐይን ፈርቶ አስወጣቸው። ገበያ ሲወጡ «የባንዳ ሚስት» እያለ የሚተፋባቸው አለ። በየአጥሩ ሥር ሲያድሩ የታኅሣሥ ብርድ ልጆቻቸውን ይዞባቸው ሄደ። በመጨረሻ እማሆይ ወለተ ሥላሴ የሚባሉ መነኩሲት፣ ከቁስቋም ተዳፋት በታች ጣሊያኖች መጋዘን አድርገውት የነበረውን የቆርቆሮ ቤት ለምነው አገኙና ሰበሰቧቸው። ከዚያም በየቤቱ እየዞሩ፣ ውኃ የምትቀዳ፣ እህል የምትፈጭ ሴት ለጽድቅ ብላ ጉልበቷን እንድትሰጣቸው ለመኑ። መጀመሪያ ላይ ጥቂት ሴቶች መጥተው ነበር፤ ሐሜቱ ሲበረታ አንድ አንድ እያሉ ቀሩ። ባንቺአየሁ ግን አልቀረችም።

ጽድቅ ፈልጋ አልነበረም። እናኑ ወደ ሄደችበት አገር የሚያውቁ ሰዎች ያሉት እዚያ ቤት ብቻ ስለሆነ ነው። እንስራዋን እንዳወረደች ከአንዷ ወደ አንዷ እየሄደች ትጠይቃለች፤ ረጅም፣ ጠይም፣ የፊት ጥርሷ ፍንጭት፣ የዳባት ልጅ፣ ተስፋ ከሚባል አስካሪ ጋር የሄደች። ሴቶቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ አንዳንዶቹም ጭራሽ አይመልሱላትም። እንዲህ ሆኖ ሲሰነባብት ለተብርሃን የምትባል የሰራዬ ሴት ከወፍጮው ቀና ብላ አየቻት። ለተብርሃን በጣሊያኖች ሆስፒታል ልብስ ስታጥብ የኖረች፣ እጆቿ በሳሙና የተላጡ፣ ሁለት ልጆች ጎንደር አፈር ውስጥ የቀበረች ሴት ነበረች።

«አህያው የጠፋበት ሰው ገበያ ሲዞር አይተሻል?» አለቻት። «አንቺም እንደዚያ ነሽ። አንዳችንንም አላየሽንም። በይ ቁጭ ብለሽ ፍጪ። ከዚያ ወዲያ የምናውቀው ካለ እንነግርሻለን።»

ባንቺአየሁ አፈረች። ቁጭ ብላ ፈጨች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደዚያ ቤት ስትወርድ መጠየቁን ትታ መስማት ያዘች። ትግርኛ ከእነሱ ለመደች፤ መጀመሪያ ውኃና እሳት፣ ኋላ ሐዘንና ቀልድ። ልብስ በበርሜል ቀቅሎ ቅማል መግደል፣ አንድ ቁና ገብስ ቀጥኖ ለብዙ አፍ እንዴት እንደሚዳረስ፣ ሕፃን እናቱ ወተት ሲደርቅባት ምን እየተባለ እንደሚታለል ከእነሱ ተማረች። ከሁሉ ግን አንድ ልማዳቸው ነበር የገረማት። አዲስ ሴት ወደ ቤቱ ስትገባ ከምግቡም ከመኝታውም በፊት ዘመድ ይሰጣት ነበር። ለተብርሃን ትጠይቃታለች፤ እናት አለሽ ወይ፣ እዚህ አገር እኅት አለሽ ወይ። የለኝም ስትል ከተቀመጡት አንዷ ተነሥታ፣ «እኔ እናቷ ነኝ» ወይም «የአክስቷ ልጅ ነኝ» ትላለች። በቃ፣ ሆነች። ከዚያ በኋላ ብትታመም የምታስታምማት፣ ብትሞት የምታጥባት፣ ስሟን ጠርታ የምታለቅስላት እሷ ናት። ሙሾ የምታወርድ ሴት ደግሞ የሟቿን አባት፣ መንደር፣ ወንዝ ማወቅ ስላለባት፣ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲፈቱ ጥንድ ጥንድ ሆነው እየተቀመጡ ይማማራሉ። አባትሽ ማን ይባላል፣ በሬዎቹስ ስማቸው ማን ነበር፣ ከቤታችሁ በላይ ያለው ደብር የማን ነው። ለባንቺአየሁ ልጆች እቃ እቃ እንደሚጫወቱት ያለ ነገር መሰላት።

«አንቺስ?» አለቻት ለተብርሃን አንድ ቀን። «ብትታመሚ ማን አለሽ?»

ባንቺአየሁ ባል አለኝ፣ አባት አለኝ፣ ያገሩ ልጅ ነኝ ብላ መለሰች። ለተብርሃን ወደ ወፍጮዋ ተመለሰች።

ክረምቱ ሲገባ ተስቦ ገባ። በከተማው ሁሉ ነበር፤ እዚያ ቤት ግን ሰው በሰው ላይ ስለተኛ እንደ እሳት ተያያዘ። መጀመሪያ የሞተችው ምሕረት የምትባል ገና ልጅ እግር የሆነች ሴት ናት። ለእሷ እናት የሆነችላት አደይ ሳባ የምትባል አሮጊት ነበረች። እማሆይ ቄስ ለምነው አምጥተው አስፈቷትና ከተዳፋቱ ሥር ቀበሯት። አደይ ሳባ መቃብሩ ላይ ቆማ ማልቀስ ጀመረች። የምሕረትን አባት በስሙ ጠራችው። ልጅህን ተቀበል አለችው። የአገሯን ቀይ አፈር፣ የቤታቸውን በር የሚያየውን ዋርካ፣ ገና ጥጃ ሳለች ምሕረት ያሳደገቻትን ላም ጠራች። አንዱንም በዐይኗ አይታው አታውቅም። ባንቺአየሁ በሕይወቷ ብዙ ለቅሶ ተቀምጣለች፤ የዳባት አልቃሾች ዝነኞች ናቸው። እንዲህ ያለ ግን ሰምታ አታውቅም። ዝናቡ ይወርዳል፣ እማሆይ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል፣ አሮጊቷ የማታውቀውን አገር እየጠራች ታለቅሳለች። ባንቺአየሁ ወደ ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ ተቀመጠች። እናኑ የት ነው ያለችው፣ ማናት እናት የሆነችላት እያለች አሰበች።

በዚያው ሰሞን ነገሩ በባሏ ጆሮ ደረሰ። በላቸው ከበረሃ ሲመለስ የተወሰደበት መሬት እንደሚመለስለት ተስፋ አድርጎ ነበር። ጠዋት ወጥቶ ከሹማምንት ደጅ ሲጠና ይውላል፤ ነገ ና ይሉታል፤ ማታ ባዶ እጁን ይገባል። ከሚስቱ ጋር የሚነጋገርበት ቃል እንኳ እየቀነሰ ሄዷል። አንድ ቀን ደጅ ከሚጠኑት አንዱ፣ አንተ እዚህ ትቆማለህ፣ ሚስትህ የባንዳ ሴቶችን ገላ ታጥባለች ብሎ በሰው ፊት ተናገረው። በላቸው ቤት ሲገባ አልተቆጣም። ጠመንጃውን አስደግፎ መደቡ ላይ ተቀመጠና እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። እውነት ነው አለችው።

«ወንድሜን የገደሉት የእነዚያ ሴቶች ባሎች ናቸው» አላት። «እኔው ነኝ ጎትቼ ዛፍ ሥር የቀበርኩት። ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ። እናኑን እየፈለግኋት ነው» አለች። ስሟን ከግዝቱ ወዲህ ጮክ ብላ የጠራችው ያን ጊዜ ነው።

በላቸው፣ ለመፈለግ ከሆነ ትፈልግ፣ ወደ ቆርቆሮ ቤቱ ሥራ ግን ሁለተኛ እንዳትሄድ ነገራት። ባንቺአየሁ እሺ አለች። በማግሥቱ ግን ሄደች። ለተብርሃን በተስቦ ወድቃ ነበርና ጥሎ መቅረት አልሆነላትም። ስታጥባት፣ ውኃ በጥጥ ስታጠባት ሰነበተች። ለተብርሃን ስትነቃ መጀመሪያ የተናገረችው፣ «ሓፍተይ» የሚል ነበር፤ እኅቴ ማለት ነው። እንዲህ ሆኖ ለባንቺአየሁም ዘመድ ተሰጣት፤ ማንም ተነሥቶ ሳይናገር።

የአስመራው መንገድ ለጭነት ሲከፈት ሴቶቹ የሚያልፈውን ሾፌር ሁሉ መጠየቅ ጀመሩ። እያንዳንዷ የራሷን ሰው ትጠይቅና መጨረሻ ላይ የባንቺአየሁን እኅት ትጨምራለች። እንዲህ እየሆነ ወሬው በየከተማው፣ በየሻይ ቤቱ ከሾፌር ወደ ሾፌር ሄደ። በ፲፱፻፴፭ ጥቅምት ዐብዱረሕማን የሚባል የጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ነጋዴ፣ ከጣሊያን የቀረች አሮጌ ማኪናውን ቆርቆሮ ቤቱ ደጅ አቆመና ባንቺአየሁ የምትባለው የትኛዋ ናት አለ። ሸጋ ሰው ነበር። ቆሞ ሊነግራት አልፈለገም፤ ድንጋይ ላይ አስቀምጧት እሱም ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ተስፋ ከረን ላይ በጦርነቱ ተገድሏል። እናኑ አስመራ፣ አባ ሻውል በሚባለው የድሆች ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ በእጥበት ትኖር ነበር። ባለፈው ክረምት በንዳድ ሞታለች። ዐብዱረሕማን እዚያው ሰፈር ገብቶ ጎረቤቶቿን አነጋግሯል። ፍንጭት ነበረች ብለውታል።

«ማን ቀበራት?» አለች ባንቺአየሁ።

«በጋሪ ወሰዷት ነው ያሉኝ።»

«ማን አለቀሰ?»

ዐብዱረሕማን መሬቱን አየ። «የአባቷን ስም የሚያውቅ አልነበረም» አላት። «የእሷንም ስም በቅጡ አያውቁትም። ጎንደሪቷ ነበር የሚሏት። አላህ ያጽናሽ፣ እኅቴ።»

ባንቺአየሁ አላለቀሰችም። ሴቶቹ ሊይዟት ሲመጡ ቆዩ አለቻቸው፤ እኅቴ የሚለቀስላት በአባቷ ቤት ነው አለች። ዐብዱረሕማን ወደ ሰሜን ሲመለስ በማኪናው ዳባት አደረሳት። አያ ማሩ ገብስ እያሳጨዱ ደረሰች። ያ ደጋ ሲመሽ ብርዱ አጥንት ይበላል፤ ሽማግሌው ግን ነጠላቸውን ለአጫጆቹ ምግብ መሸፈኛ ሰጥተው በእጀ ጠባብ ቆመው ነበር። ልጃቸውን ስመው ቤት አስገቧት። በልተው ሲያበቁ ነገረቻቸው። ስሟን ሳትጠራ፣ «ታናሼ ሞታለች» አለች።

አያ ማሩ እጃቸውን በልብሳቸው ጠረጉ። «በምን?» አሉ።

«በንዳድ። ሰው አልነበራትም፣ አባባ። አንድ ቀን ብቻ ይቀመጡላት። ጎረቤት ይምጣ፣ ስሟ ይጠራ።»

«ግዝት አለ።»

«የነፍስ አባትዎ ይፈቱታል። እኔ እሄዳለሁ፣ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ።»

«እኔ ያን ጊዜ ቀብሬያታለሁ» አሉ አያ ማሩ። «ሰው ሁለት ጊዜ አይቀበርም።»

ባንቺአየሁ ተንበርክካ ጉልበታቸውን ያዘች። ድምፃቸውን ሳይለውጡ ተነሺ አሏት። ከተነሣችም በኋላ በሩን ከፍተው ወደ አውድማው ወጡ፤ እስኪጨልምም አልተመለሱም። ጠዋት ስትነሣ ስንቅ ቋጥረው ደጁ ላይ አስቀምጠውላታል። እሳቸው የሉም።

ጎንደር ተመልሳ ባሏን ለመነችው። በቤታቸው ለቅሶ ትቀመጥ፣ ጎረቤት ይስማ፣ ሌላ ምንም አትፈልግም። በላቸው በአንድ በኩል አዘነላት፤ ያን ለሰው ተናግሮት ያውቃል። ግን የመሬቱ ጉዳይ ሊታይለት ነው ተብሎ ነበር። የአርበኛ ቤት ለአስካሪ ሴት ለቅሶ ተቀመጠ ከተባለ ያ ሁሉ ደጅ ጥናት ከንቱ ነው። አትችዪም አላት። ልብሷን ተከናንባ ወጣች፤ ወደ ቆርቆሮ ቤቱ ወረደች።

ለተብርሃን እንዳየቻት ሴቶቹን ሰብስባ መሐል አስቀመጠቻት። «አሁን ንገሪን» አለቻት። «አባቷ ማን ነው?»

«ማሩ።»

«የአባቷ አባት?»

ባንቺአየሁ ነገረቻቸው። ውኃ የምትቀዳበትን ምንጭ ነገረቻቸው። የገብሱን ማሳ፣ ከማሳው በላይ ያለውን ገደል፣ ጉም ሲወርድ በጎቹ እንዴት እንደሚጠፉና እናኑ በሳቋ እንዴት ትጠራቸው እንደነበር ነገረቻቸው። ሕፃን ሳለች ባንቺአየሁ ጀርባ ላይ ታዝላ ጆሮዋን እንደምትነክሳት፣ ጥሬ ባቄላ እንደምትወድ፣ መብረቅ እንደምትፈራ። ሴቶቹ እየደጋገሙ ያዙት፤ ያልገባቸውን በትግርኛ መልሰው ጠየቁ። አደይ ሳባም የአያት ስሞቹን አንድም ሳትስት በቃሏ ደገመቻቸው። ከዚያ ለተብርሃን ተነሣችና የእናትነቱን ቦታ ያዘች፤ መቀነቷን አጥብቃ ታጥቃ ደረቷን እየመታች ጀመረች። እናኑ ማሩ፣ የዳባቷ፣ ልጄ፣ የምንጩ ዳር እንስራ ማን ያንሣው እያለች። ሌሎቹም ተቀበሏት። የባንቺአየሁ ዐይን እስከዚያ ደረቅ ነበር። ተራዋ ሲደርስ ግጥሙ ከየት እንደመጣ ሳታውቀው ወጣ፦

እናኑ የማሩ ልጅ የዳባት ወይዘሮ፣
ማን ቀበረሽ ይሆን አፈር ተበድሮ።

ከዚያ በኋላ ወደቀች። ለቅሶው ቀኑን ሙሉ ቆየ። ድምፁ ተዳፋቱን ወጥቶ መንደሩ ድረስ ስለተሰማ ሰው አጥሩ ጋ ተሰበሰበ። ማን ሞተ ይባባላል። አንዳንዱ ስሙን ሰምቶ ሄደ፤ ሁለት የቁስቋም ሴቶች ግን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገብተው ተቀመጡ። በላቸውም መጥቶ ነበር። በሰው መሐል ቆሞ ያያት እንደሆነ አልታወቀም፤ ጠመንጃውን በትከሻው እንዳደረገ ትንሽ ቆይቶ ዞረና ሄደ። ሲመሽ የባንቺአየሁ ልብስና ሌማት ጎረቤት ቤት ተቀምጦ ተገኘ። ሽማግሌዎች ለማስታረቅ ሞከሩ። በላቸው ምንም ክፉ ነገር አልተናገረባትም፤ አይሆንልኝም ብቻ አለ። መሬቱም አልተመለሰለትም። ኋላ ሳንጃ ወርዶ ሌላ አግብቶ እዚያው ኖረ።

ባንቺአየሁ የቆርቆሮ ቤቱ ነዋሪ ሆነች። ራሷ ልትረዳ የገባችበት ቤት መጠጊያዋ ሆነ። ይህም ቢሆን አልቆየላትም። በዚያው ዓመት ፋሲካ ካለፈ በኋላ ቤቱ ለሌላ ሥራ ተፈልጓል፣ ሴቶቹም በጭነት ማኪና ወደየአገራቸው ይሸኛሉ የሚል ትእዛዝ መጣ። እማሆይ ደጅ ለደጅ ተንከራተቱ፤ የሰማቸው የለም። ከሴቶቹ ደስ ያላቸው ነበሩ። ብዙዎቹ ግን ፈሩ። ወደ ማን ነው የሚመለሱት? የአባታቸው ቤትም እንደ አያ ማሩ ቤት የተዘጋ ነው። ለተብርሃን ዕቃዋን ስትቋጥር ባንቺአየሁ አብሬሽ ልሂድ አለቻት።

«መቃብሯ ምልክት የለውም» አለቻት ለተብርሃን። «ብትሄጂ ምን ታገኛለሽ? እዚህ ጎንደር ውስጥ ባንዳ እባላለሁ። እዚያ ደግሞ ከጎንደር የመጣች እባላለሁ። አንቺስ ምን ልትባዪ ነው?»

«ታዲያ ማን ቀረኝ?»

ለተብርሃን ቋጠሮዋን አጥብቃ አሰረች። አስመራ ስትደርስ አባ ሻውል ሄዳ ለእናኑ ጎረቤቶች ስሟንና የአባቷን ስም እንደምትነግር ቃል ገባች። ማኪኖቹ የሊማሊሞን መንገድ ይዘው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዓመታት ባንቺአየሁ ከሰሜን የሚመጣውን ሾፌር ሁሉ ጠየቀች። ዐብዱረሕማንም በሄደ ቁጥር ጠይቆላታል። ለተብርሃንን አየሁ ያለ ሰው አልተገኘም። ቃሏን ትፈጽም፣ መንገድ ላይ ትቅር፣ እስከ ዛሬ የሚታወቅ ነገር የለም።

አያ ማሩ ሲሞቱ ባንቺአየሁ ዳባት ሄዳ በለቅሶው ከኋላ ተቀመጠች። ዘመዶቿ መጥተሽ ሙሾ አውርጂ አሏት። እንቢ አላለችም፤ ተነሥታ የአባቷን ስም ጠራች፣ ከዚያ የሚቀጥለው ቃል አልመጣላትም። ቆማ ቆማ ተቀመጠች። ጎንደር ተመልሳ ቁስቋም ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየች። ጥጥ እየፈተለች፣ ለሰው እየፈጨች ኖረች። እማሆይ ወለተ ሥላሴንም አስታማ ቀበረቻቸው።

በ፲፱፻፶፩ ትግራይ ላይ ያ ክፉ ረኃብ ሲገባ ሰው በሊማሊሞ ወደ ጎንደር ጎረፈ። ባንቺአየሁ ትግርኛቸውን ስለምታውቅ ደጇን ከፈተችላቸው። ክፍሏ የሚችለውን ያህል ሴቶች አስገባች፤ የቀሩት በአጥሩ ሥር ሆኑ። ቆሎ ከጎረቤት ለመነች፣ ተልባ አራሰች፣ ልብሳቸውን ቀቀለች። እንደተማረችውም ከእያንዳንዷ አጠገብ እየተቀመጠች ስምሽ ማን ነው፣ አባትሽስ፣ አገርሽስ አለች። አንዳንዷ የራሷን ተናግራ የአባቷ ላይ ሳትደርስ አንገቷ ይዘነበላል። ሲበዙባት ተምታቱባት። አንዲቱን ስትቀብር የሌላዋን መንደር ጠራች፤ ያችኛዋ ግን ገና በሕይወት ነበረች፣ ልጇም መቃብሩ አጠገብ ቆማ ነበር። «ያ የእኛ አገር ነው፤ እናቴ አልሞተችም» አለቻት ልጅቷ። ባንቺአየሁ ከዚያ መቃብር ተነሥታ ቤቷ ስትገባ ማልቀስ እንዳቃታት ለጎረቤቷ ተናግራለች። ከለተብርሃን የተማረችው ነገር ለጥቂት ሰው የሚሆን ነበር። ሞት እንዲህ ሲፈጥን የሟቹን ሁሉ ስም የሚይዝ ጭንቅላት ከየት ይመጣል?

ከሴቶቹ አንዷ አልናገርም አለች። ዐይኗ ጎድጉዶ፣ ከንፈሯ ተሰንጥቆ ግድግዳውን ተደግፋ ነበር። ባንቺአየሁ አባትሽ ማን ይባላል አለቻት።

«አልነግርሽም» አለች ሴትዮዋ።

«ምነው?»

«ለምን እንደምትጠይቂ አውቃለሁ። ስሙን የነገሩሽ ሁሉ ሞተዋል።»

ባንቺአየሁ አጠገቧ ትንሽ ተቀመጠች። ከዚያ ተነሥታ የተልባውን ዋንጫ አመጣችላት፤ ሴትዮዋም በሁለት እጇ ይዛ ጠጣች። ሁለተኛ አልጠየቀቻትም። በየቀኑ ታጠጣታለች፣ ሰሌኗን ወደ ፀሐይ ታወጣላታለች፤ እሷም ቀስ በቀስ መቀመጥ፣ ኋላ ግድግዳውን ይዛ መቆም ቻለች። አንድ ቃል አልተነጋገሩም። አንድ ጠዋት ባንቺአየሁ ውኃ ልትቀዳ ሄዳ ስትመለስ የሴትዮዋ ቦታ ባዶ ሆኖ አገኘችው። ወደ አዘዞ የሚወስደውን መንገድ ይዛ በእግሯ ስትሄድ አይተናታል አሉ ጎረቤቶች።

«ማን ነበረች?» አሏት።

«አልነገረችኝም» አለች ባንቺአየሁ። እንስራዋን አወረደችና በሩ ላይ ለተቀመጠችው ሌላ ሴት ውኃ ቀዳችላት።